እንዳትነካ የተባለች መካኒክ

አውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ቶሎ» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። ሥራ በያዘች በሦስተኛ ዓመቷ የመጀመሪያውን በር ለብቻዋ ፈታ ገጠመችና፣ ሌሎቹ ከምሳ ሳይመለሱ እጇን እየጠረገች ጠበቀቻቸው። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብለው ሳቁባት። በሩ ግን ዓመት ሙሉ ሳይበላሽ ሠራ። ተረቱን ተዉት፤ «ቶሎ» የሚለው ብቻ እንደ ቱታ ቅባት ላይለቅ ተጣበቀባት።

ሥራዋ የአየር በር ነበር። የከተማ አውቶቡስ በር በታመቀ አየር ነው የሚከፈተው። አየሩ ከታንክ ተነስቶ በቀጭን ቱቦ ይመጣና ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ በሩን ይገፋል። ሲነገር ይሄው ነው። አየር ግን ተንኮለኛ ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ አይቶ እንዳላየ አያልፍም። ቶሎ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀዳዳ ስታሳድድ ኖረች። ከግቢው ማዶ ሆና የአንዱን አውቶቡስ ትንፋሽ ሰምታ «የኋለኛው በር፣ ከላይ ሁለተኛው መገጣጠሚያ» ትላለች። ሄደው ሲያዩ እንዳለችው ነው።

ከዚያ በራቸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ አዳዲስ አውቶቡሶች መጡ። አሮጌዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ከእነሱ ጋር የእሷም ክፍል ተዘጋ። የምስጋና ወረቀት ሰጧት፣ ኬክ ቆረሱላት፣ ጨበጧት፣ በቃ። ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋና ጨርቋ፣ የኋለኛው ሁለት ክፍል መኖሪያቸው ነው። አብራቸው የእህቷ ልጅ አለች፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ከቁመቷ ሌላ ሥጋ ስላልፈጠረባት «ቀጮ» የሚሏት።

ቤት መዋል የጀመረች ሰሞን ቶሎ ቤቱን አወከችው። መጀመሪያ ሲጢጥ የሚለውን በር ሁሉ ቅባት አስጠጣች። ቀጥሎ ያልተበላሸውን የውኃ ቧንቧ ፈታች። ከዚያ ጣራ ላይ ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት እህቷ ገበያ ደርሳ ስትመለስ የልብስ ስፌት መኪናዋን ጋዜጣ ላይ ተበትኖ፣ ብሎኑ በብሎን፣ ጥርሱ በጥርስ ተደርድሮ አገኘችው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች እህቷ፣ ዘንቢሏን እንደያዘች።

«ድምፁ አላማረኝም።»

«አሥራ አራት ዓመት በዚሁ ድምፅ ነው የሰፋሁት! ለሆቴሉ ስልሳ ዩኒፎርም አለብኝ እኮ! መቀመጫሽ ላይ መርፌ ተሰክቷል እንዴ? ምናለ እንደ ሰው ቁጭ ብትዪ?»

«እታለም፣ በአንድ ሰዓት እገጥመዋለሁ።»

ገጠመችው። ድምፁም ጠፋ። እህቷ ግን ሁለት ቀን አኮረፈቻት፤ ድምፁን ለምዳው ስለነበር ያለ እሱ ቀጥ ብሎ መስፋት አቃታት።

ይህን ሁሉ ታይ የነበረችው ቀጮ ናት። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አክስቷን ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትመላለስ አገኘቻትና፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «አክስቴ፣ አየር ታውቂያለሽ አይደል?» አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጮና ሁለት ጓደኞቿ ለተማሪዎች የሮቦት ውድድር ተመዝግበዋል። ሜዳው አንድ ሰፊ ክፍል ያህላል፤ መሬቱ ላይ ሳጥኖች ተበትነዋል። ሮቦቱ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ የቻለውን ያህል ሳጥን እያነሳ፣ የሰው ደረት የሚደርስ መደርደሪያ ላይ መደርደር አለበት። የሚሽከረከረውን የታችኛውን ክፍል ሠርተዋል። የሚያነሳ ክንድ ግን የላቸውም። ደንቡ በታመቀ አየር መጠቀም ይፈቅዳል፤ ሁለት ትንንሽ ታንክ ብቻ፣ ከጨዋታው በፊት የተሞላ፣ በመሐል የማይሞላ።

ቶሎ የደንቡን መጽሐፍ ከእጇ ነጥቃ ስለ አየር የሚለውን ገጽ ቆማ አነበበች። ሌላውን ገጽ አልገለጠችም።

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን ሳይከፍት ደጃፉ ላይ ደርሳ ነበር። የፊዚክሱ መምህር፣ ስምንት ክፍል የሚያስተምርና ሁልጊዜ ሸሚዙ ላይ ጠመኔ የማይጠፋ ሰው፣ ወርክሾፑን ሲያሳያት «እትዬ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት፤ እኔ በወረቀት እንጂ በመፍቻ አልችልም» አላት። ወርክሾፑ ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ብረት አጣብቆ የሚይዝ አንድ ሞርሳ፣ አፉ የተሰበረ መሰርሰሪያ፣ ጥግ ላይ እያስነጠሰ የሚሠራ ኮምፕሬሰር።

ሁለቱን ጓደኞችም ተዋወቀች። አንዱ ሒሳብ የሚወድ፣ ከእጁ ደብተር የማይለይ ልጅ ነው፤ ባለደብተሩ ይሉታል። ሌላዋ የኤሌክትሪኩን ሥራ የያዘች፣ ሽቦ ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትረሳ ልጅ ናት፤ እሷን ባለሽቦዋ ይሏታል።

ቶሎ ጊዜ አላባከነችም። ጋራዥ ሄዳ ከድሮ ወዳጇ ከመጋዘን ጠባቂው ከወደቀ አውቶቡስ የወጣ የበር ሲሊንደር ለመነች፤ እንደ ሰው ክንድ የወፈረ። አምጥታ ሞርሳው ላይ አሰረችው። ከዚያ በኋላ ባለው አሥር ቀን ልጆቹ የሚሰሙት «መፍቻ አሥራ ሦስት!»፣ «ካቻቢቴ!»፣ «ያዥልኝ!»፣ «ፈቀቅ በል!» ብቻ ነበር። የአሉሚኒየሙን ዘንግ ቆረጠች፣ በሳች፣ አጠፈች። እጇ ሥራ ሲያገኝ ፊቷ ሁሉ ፈታ፤ ዓመት ሙሉ ታስሮ የተለቀቀ ውሻ ነበር የምትመስለው።

አንድ ቀን ባለደብተሩ ጉሮሮውን ጠረገና «እትዬ፣ ይሄ ሲሊንደር አንዴ ሲነሳ ምን ያህል አየር ይበላል?» አላት።

«አየር ምን ቸገረህ? ዓለሙ በሞላ አየር ነው። ፒንሳውን አቀብለኝ።»

ፒንሳውን አቀበላት። ደብተሩንም ዘጋ።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀን መምህሩ ሳይቀር ተሰበሰበ። ቀጮ ቁልፉን ተጫነች። ክንዱ ተስፈንጥሮ ሳጥኑን ወረወረው፤ ሳጥኑ ጣራው ላይ ያለውን ረጅም አምፖል መታው፣ ሮቦቱም በጀርባው ተዘረረ። የብርጭቆ ስብርባሪ ዘነበ። ደግነቱ ማንንም አልነካም። መምህሩ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ «እትዬ፣ እኛ ማንሳት ነው እንጂ መድፍ አልፈለግንም» አለ። ተሳሳቁ።

ቶሎ የአየሩን መውጫ የሚያጠብብ ብሎን ጨመረችና ቀኑ ሳያልቅ ክንዱን አረጋጋችው። እንደ አውቶቡስ በር ለስለስ ብሎ ተነሳ። ነገር ግን በሦስተኛው ሳጥን እንደደከመው ሰው ቀስ አለ፤ በአራተኛው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ታንኮቹ ባዶ ሆነዋል። ባለደብተሩ መሬት መሬት አየ። ቶሎ «መፍትሔ አይጠፋለትም» አለች፤ መፍትሔውን ግን ገና አላገኘችውም። ጠዋት ተነስታ መንገድ ላይ ስታስብ፣ ሳህን ስታጥብ ስታስብ፣ እህቷ ስታናግራት «እ?» ስትል ሰነበተች።

በዚህ መሐል ከውድድሩ አዘጋጆች አንድ ገምጋሚ መጣ። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ጎልማሳ ነው። ሮቦቱን ዞሮ ዞሮ አየና ወደ ቀጮ ዞረ።

«ይሄ ሲሊንደር ለምን ይሄን ያህል ወፍራም ሆነ?»

ቀጮ ሲሊንደሩን አየች። ቶሎ ከኋላ ሆና «እሱ ስለነበረን ነዋ!» አለች።

«እርስዎን አልጠየቅሁም፣ እናቴ» አለ ገምጋሚው በትሕትና። ከዚያ ባለደብተሩን ጠየቀው፤ «ሲሊንደሩ ክንዱን የሚገፋው ከማጠፊያው በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው? ለምን?» ባለደብተሩ ወደ ቶሎ አየ። ባለሽቦዋም ወደ ቶሎ አየች።

«ማን ነው የነደፈው?» አለ ገምጋሚው።

ቶሎ አፏን ልትከፍት ስትል ቀጮ ቀደመቻት። «አክስቴ ናት። እኛ መፍቻ ስናቀብል ነበር።»

ገምጋሚው የደንቡን መጽሐፍ አወጣና ቶሎ ያልገለጠችውን ገጽ አሳያቸው። ሮቦቱን መንደፍና መሥራት ያለባቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ትልቅ ሰው መጠየቅና መናገር ይችላል፤ መንካት አይችልም። «እውነቱን ስለተናገራችሁ አላግዳችሁም» አለ። «ይህ ክንድ ግን አይወዳደርም። አሥራ ስምንት ቀን አላችሁ።»

አክስትና ልጅ ወደ ቤት ሲሄዱ ቶሎ አንድ እርምጃ ቀድማ ነበር የምትራመደው።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለች ዞር ሳትል።

«ልዋሽ ነበር?»

«ዝም ማለት አልነበረም?»

«ዝም ብዬ ነበር እኮ፣ አክስቴ። አሥር ቀን ሙሉ።»

ቶሎ እርምጃዋን ጨመረች። ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ተኛች፣ ተነሳች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። እህቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ምን አድርጋሽ ነው ልጄ?» ብትላት «ልጅሽ እውነት ተናግራብኝ ነው» አለቻት። እህቷ ልትስቅ ነበር፤ ፊቷን አየችና ተወችው።

በማግስቱ ሲሊንደሩን ከክንዱ ፈታ በጨርቅ ጠቅልላ ጋራዥ ሄደች። የድሮው ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወጣት ኮምፒዩተሩን ከአዲስ አውቶቡስ ጋር በሽቦ አገናኝቶ ቁጭ ብሏል። እጁ ላይ አንዲት የቅባት ነጥብ የለችበትም። አለፈችው።

መጋዘን ጠባቂው ሲሊንደሩን ሲያይ ገረመው። «አልሠራም እንዴ?»

«በደንብ ሠራ እንጂ።»

«ታዲያ ምን ያስመልሰዋል?»

ነገረችው። ሽማግሌው እየሰማት መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየና ሳቁ መጣበት።

«ያ ባርኔጣ የማያወልቀው አለቃሽ ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት ይረሳል።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ባትሪ አስይዞሽ ነበር። ‹አብሪልኝ› ብቻ! አንድ ቀን እዚሁ ቆመሽ ምን እንዳልሽኝ ታውቂያለሽ? ‹እጄን ቆርጬ እንደ መብራት ምሰሶ ልተክልለት ነው› አልሽኝ።»

«እኔ እንዳልኩ አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ። እንባሽ እየመጣ ነበር።»

ቶሎ ተናዳ ወጣች። አውቶቡስ አልያዘችም፤ አራት ፌርማታ በእግሯ ሄደች። ስትሄድ የተናደደችው በሽማግሌው ነበር፤ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ በአለቃዋ፤ ሦስተኛው ላይ «ዓለሙ በሞላ አየር ነው» ያለችበትን ድምፅ አስታወሰችው። የእሷ ድምፅ አልመሰላትም። የባርኔጣው ሰውዬ ድምፅ ነበር።

ወርክሾፑ ደጃፍ ስትደርስ በሩ ክፍት ነው። ሦስቱ ጠረጴዛውን ከበው፣ ከአንድ አሮጌ የቢሮ ወንበር የተነቀለ ብረትና ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የተዋሱትን ጣት የምታህል ቀጭን ሲሊንደር እያገላበጡ ነበር።

«ልግባ?» አለች። ከዚያ በፊት ጠይቃ ገብታ አታውቅም።

«መንካት አይቻልም» አለች ቀጮ፣ ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ። አሁንስ አንብቤዋለሁ።»

ባለደብተሩ ወንበር ሳበላት።

ያ ቀን ለቶሎ ከሃያ ስድስቱ ዓመት ይልቅ ረዘመባት። ልጆቹ ብሎኑን አጣመው ሲያስገቡ ታያለች፤ እጇ ብድግ ይላል፤ ብብቷ ሥር ትቀብረዋለች። ተነስታ ትዞራለች። መልሳ ትቀመጣለች። «ግራ! ግራ!» ትላለች፤ ባለሽቦዋ ደንግጣ ቀኝ ታዞራለች። ማታ ቤት ስትገባ ምንም ያልነካው እጇ ነበር የደከማት።

መላውን ያመጣችው እህቷ ናት። ስልሳዎቹ የሆቴል ዩኒፎርሞች ተሰፍተው ቁልፍ ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ቁልፍ። በዘንቢል ሞልታ ሰጠቻት። «እጅሽ ሥራ ይያዝ፤ አፍሽ ብቻ ይሂድ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶሎ ወርክሾፑ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል ትውል ጀመር። ልጆቹ ሲሳሳቱ መርፌው ጣቷን ይወጋታል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ዩኒፎርም ላይ ቁልፉን በግራ በኩል ተክላ እህቷ አስፈታቻት።

አፏም ቢሆን መመሪያ መስጠት ትታ መጠየቅ ጀመረች፤ ለዚያውም እየታገላት። ቀጭኑ ሲሊንደር ክንዱን ፍንክች ማድረግ ሲያቅተው፣

«በር ስትገፊ የት ነው የምትገፊው?» አለቻት ቀጮን።

«እጀታው ጋ።»

«እስቲ ማጠፊያው አጠገብ ገፍተሽ ክፈቺው።»

ቀጮ ሄዳ የወርክሾፑን በር ከማጠፊያው አጠገብ ገፋች። አልሄደላትም። ትከሻዋን አስገብታ ገፋች። «ኧረ ይከብዳል!»

«ሲሊንደራችሁ የት ነው የሚገፋው?»

ባለደብተሩ ደብተሩን ከፈተ። ቶሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። ሳጥኑ ከማጠፊያው ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ርቋል፤ ሲሊንደሩ የሚገፋው አሥር ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ተኩሉ ሳጥን ለሲሊንደሩ አሥራ ሁለት ኪሎ ይሆንበታል። ቀጭኑ ሲሊንደር አሥራ ሁለቱን ለጥቂት ይችላል፤ የክንዱን የራሱን ክብደት ግን አይችልም።

«ወፍራሙን እንመልሰው?» አለች ባለሽቦዋ።

«ወፍራሙ ሦስት ሳጥን አንስቶ ታንኩን ይጨርሳል» አለ ባለደብተሩ። «ቀጭኑ በዚያው አየር ከሃያ በላይ ያነሳል። አስልቼው ነበር።»

«መቼ?» አለች ቶሎ።

«ያኔ፣ ፒንሳ ሳቀብልዎት።»

ቶሎ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ክንዱን ማን ይሸከምለት የሚለውን የመለሰችው ባለሽቦዋ ናት። የቤታቸው ወደ ላይ የሚከፈት የብረት መዝጊያ ከኋላው በከባድ ስፕሪንግ ስለተደገፈ እናቷ በአንድ እጅ እንደምታነሳው ትዝ አላት። ስፕሪንግ አላገኙም፤ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ በቁመቱ ቆርጠው ከክንዱ ጀርባ አሰሩት። ቶሎ አስተሳሰሩን ስታይ ቋጠሮው እንደማይችል ገባት። ልትናገር አለችና ተወችው፤ ስንቱን ነግራ ትችለዋለች? «ፊታችሁን አርቁ» ብቻ አለች። ላስቲኩ ተወጥሮ ተወጥሮ ቋጠሮው አመለጠ፤ ጫፉ ዞሮ የመጣው ቶሎ ላይ ነበር። ክንዷ ላይ ቀይ ሰንበር አወጣባት። ልጆቹ ደንግጠው ከበቧት።

«እኔን ተዉኝ! ቋጠሮው ለምን አመለጠ?» አለች።

ሦስት ዓይነት አስተሳሰር ሞከሩ። በመጨረሻ ላስቲኩን በሁለት ብረት መሐል በብሎን አጣብቀው ያዙት። ቀጮ ቁልፉን ስትጫን ባዶው ክንድ በራሱ ፈቃድ የተነሳ ይመስል ቀለል ብሎ ወጣ። ሳጥን አሸከሙት፤ ወጣ። አሥራ አንደኛው ሳጥን ላይ ደርሰው የግፊት መለኪያው ገና ግማሽ ነበር። ባለደብተሩ ጠረጴዛውን በደብተሩ ደበደበው።

ሲያወርድ ግን በድንገት ነበር የሚወድቀው። ባለሽቦዋ «ቢወድቅስ ምን አለበት? ጊዜ ይቆጥባል» አለች። ቶሎ ዩኒፎርሙን አስቀመጠች። ሥራ በጀመረች በአራተኛ ዓመቷ አንድ በር ቶሎ እንዲዘጋ አድርጋ ማስተካከሏን፣ በዚያው ቀን አንዲት እናት ልጇን ለማስቀደም ስትል አራት ጣቷ በር ውስጥ መቅረቱን ነገረቻቸው። ጣቶቹ ዳኑ፤ ግን ሴትየዋ የጮኸችውን ጩኸት ቶሎ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ይህን ለእህቷም ነግራት አታውቅም። ባለሽቦዋ ሄዳ አየሩን የሚያጠብበውን ብሎን አንድ ዙር አጠበቀችው። ክንዱ በዝግታ ወረደ።

ክንዱ መልክ የለውም። አንዱ ጎኑ የወንበር እግር፣ ሌላው የመስኮት ብረት፤ ጥቁር ላስቲክ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሏል። ገምጋሚው ተመልሶ መጥቶ ሲጠይቃቸው ሦስቱ እየተሻሙ መለሱለት፤ ባለደብተሩን «ይበቃል፣ ገብቶኛል» እስኪለው ድረስ። ቶሎ ወደ ግድግዳው ዞራ ቁልፍ ስትተክል ነበር።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ በጩኸት ተሞልቷል። አሥራ ዘጠኝ ቡድን ነው። ትልልቅ ሰዎች ከገመድ ወዲህ ይቀመጣሉ፤ በጨዋታ መሐል ለልጆቹ መጮህ ክልክል ነው። ቶሎ በመምህሩና በእህቷ መሐል ተቀመጠች። እህቷ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ነበር፤ ብድግ ስትል መልሳ ለማስቀመጥ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ተጀመረ። ቀጮ ሮቦቱን ትነዳለች፣ ባለሽቦዋ ክንዱን ታዛለች። አንድ ሳጥን፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ ቶሎ ደረቷን ያዘች።

«ምን ሆንሽ?» አለች እህቷ።

«ያፈሳል።»

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል መምህሩም እህቷም ምንም አልሰሙም። ቶሎ ግን ሰምታዋለች፤ ቀጭን፣ የእባብ የሚመስል «ስስስ»። ክንዱ በስድስተኛው ሳጥን መንቀርፈፍ ጀመረ። በሰባተኛው መደርደሪያው ላይ ሳይደርስ ቆመ። ቶሎ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች፤ እህቷ ቀሚሷን ብትጎትትም አልተቀመጠችም። ተሸነፉ።

ወደ ሁለተኛው ጨዋታ ሃያ ደቂቃ ነበራቸው። በዚህ ጊዜ መናገር ይፈቀዳል። ቶሎ ሰው እየገፋች ደረሰች።

«ሰማችሁት?»

«ሰማነው» አለች ቀጮ። ላቧ ጠብ ጠብ ይላል። «የት እንደሆነ ግን አናውቅም። ስድስት መገጣጠሚያ አለ።»

ቶሎ የትኛው እንደሆነ ታውቅ ነበር። ከቫልቩ ቀጥሎ ያለው ነው። ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቷል። እጆቿን ከኋላዋ አቆላለፈች።

«እናንተ ቤት የጋዝ ሲሊንደር ስትቀይሩ መፍሰሱን በምን ታውቃላችሁ?»

ሦስቱ ተያዩ። ባለሽቦዋ ሮጣ ከመጸዳጃ ቤት የሳሙና አረፋ በመዳፏ ይዛ መጣች። መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ቀቡ። ከቫልቩ ቀጥሎ ያለው አረፋ አበጠ፣ ፈነዳ፣ እንደገና አበጠ። ባለደብተሩ ቱቦውን ነቀለ፤ ጫፉ በሰያፍ ተቆርጦ ስለነበር ጥግ ድረስ አልገባም። ቀጮ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ሲገፉት «ጠቅ» አለ። ቶሎ ያን «ጠቅ» ስትሰማ ነበር የተነፈሰችው።

ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸነፉ። በአንዱ አሥራ ሰባት ሳጥን ደረደሩ፤ በዚያ ቀን ከዚያ የበለጠ የደረደረ አንድ ቡድን ብቻ ነበር። ችግሩ ቀጥሎ የገጠማቸው ራሱ ያ ቡድን መሆኑ ነው። ክንዱ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ፣ ድምፅ የሌለው፣ የማይደክም። በሁለት ሳጥን ተበለጡ። ስድስተኛ ወጡ፤ ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፈው ግን አራት ብቻ ነው።

ልጆቹ አለቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ከአሸናፊዎቹ ጋር ፎቶ ሊነሱ ሮጡ። ቶሎ ግን አልበረደላትም። ዳኛውን ፈልጋ አግኝታ «አንደኛው ሳጥን መስመር ነክቶ ነበር!» እያለች ስትከራከር መምህሩ መጥቶ ወሰዳት።

«እትዬ፣ ተሸንፈናል እኮ።»

«አውቃለሁ መሸነፋችንን! መስመሩን ግን ነክቷል።»

በቀጣዩ ወር መምህሩ ርእሰ መምህሩን አነጋግሮ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑን እንድትይዝ አደረገ። እሷ አምስቱንም ቀን ነው የምትሄደው። እህቷ ቤቷ ሰላም ስላገኘ ለመምህሩ ሸሚዝ ሰፋችለት።

ቀጮ ትምህርቷን ስትጨርስ ነርስነት መረጠች። ቶሎ ይህን ስትሰማ አንድ ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ስትንጎራደድ ሰነበተች። «ያን የመሰለ እጅ ይዛ!» ትላለች ለእህቷ። እህቷም «ነርስ በእግሯ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለቻትና ነገሩ በዚያው ቆመ። ባለደብተሩ ሌላ ከተማ ሄዶ ይማራል፤ አልፎ አልፎ እየደወለ የአየር ሒሳብ ይጠይቃታል፤ እሷም ሒሳቡን ሳይሆን የድምፁን ዓይነት ትነግረዋለች። ባለሽቦዋ እስካሁን እዚያው ነች፣ አንድ ክፍል ቀርቷታል፣ ለአዳዲሶቹ ልጆች አለቃ ሆናለች።

የዘንድሮው የውድድር ደንብ የመጣው ባለፈው ሰኞ ነው። መምህሩ ገና ፖስታውን ሳይቀድ ቶሎ ከእጁ ወሰደችው። ዘንድሮ የሚነሳ ነገር የለም፤ ኳስ ወርውሮ ከሩቅ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው። ወርክሾፑ መሐል ቆማ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አምስት አዳዲስ ልጆች ጠረጴዛውን ከበው ይጠብቋታል። ከመሐላቸው አንዷ፣ ገና ስሟን የማታውቃት፣ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ኳሱ ምን ያህል ይመዝናል?»

«እኔ እንጃ» አለች ቶሎ፣ ወንበሩን በእግሯ ወደ ጥጉ እየገፋች። «ሚዛኑ እዚያ ነው። ሂጂና መዝኚው።»